የጣሊያኑ አውሮፕላን ክንፍ

አሥራት በደብረ ዘይት አየር ኃይል ለአሥራ አንድ ዓመት መካኒክ ነበር። አሜሪካ፣ ኮለምበስ ከገባ በኋላም ከሙያው አልወጣም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከቤክስሊ ወዲያ ባለ የአውሮፕላን ሃንጋር ውስጥ፣ አሮጌ የጦር አውሮፕላን እያደሰ በትርኢት ላይ ለሚያበርር ኬለር ለሚባል ሰው ይሠራል።

በፈረንጆች 1984 ኬለር ከጣሊያን በሣጥን ያስመጣውን አውሮፕላን እሱና አሥራት አድሰው ጨረሱ። የጣሊያኑ ፋብሪካ ለሙከራ የሠራው ይህን አንዱን ብቻ ነው፤ ሌላ ሳይጀመር ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አለቀ። ክንፉ በሙሉ እንጨት ነው።

ኬለር ሊያበርረው ሦስት ቀን ሲቀረው አሥራት ክንፉን በጣቱ እያንኳኳ ሲሄድ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ተለወጠበት።

“ውስጥ ያለው ሙጫ የለቀቀ ይመስለኛል። ከፍተን እንየው” አለው።

“በዓለም ላይ ያለው ይኸው አንዱ ነው፤ አልቆርጠውም። የመንግሥት ኢንስፔክተሩም አይቶ ምንም አላገኘበትም።” ኬለር ወደ አሥራት ዞረና፣ “የእናትህን ታሪክ ነግረኸኛል። ከመጀመሪያውም አልወደድከውም” አለ።

የአሥራት እናት ልጅ ሳሉ ኮረም አጠገብ ከጣሊያን አውሮፕላን የወረደ መርዝ ጀርባቸውን አቃጥሏቸዋል። እስኪሞቱ ድረስ በጀርባቸው ተኝተው አያውቁም።

ራት ላይ ለሚስቱ ለሰርካዲስ ነገራት።

“እውነቱን ነው እንዴ? ትጠላዋለህ?”

“እጠላዋለሁ። ድምፁን ግን ሰምቻለሁ።”

“ስለጠላኸው የሰማህ መስሎህ እንዳይሆን።”

አሥራት የጠረጴዛውን እንጨት በጣቱ አንኳኳ።

በማግስቱ ጠዋት ኬለር ሳይደርስ አሥራት ቀጭን መጋዝ ይዞ ከክንፉ ሥር መዳፍ የምታህል ቦታ ቆረጠ። የደረቀ ሙጫ እንደ ዱቄት እጁ ላይ ፈሰሰ። ክንፉን የሚሸከመው እንጨት ከመጋጠሚያው ተላቆ ሁለት ጣት ያስገባል።

ኬለር ሲመጣ መጋዙን አየ፤ ቀጥሎም እጁን በቀዳዳው አስገብቶ ብዙ ቆየ።

“በዚህ ክንፍ ልበር ነበር” አለ ፊቱ ነጥቶ። እጁን ከጠራረገ በኋላ ግን፣ “አልቆርጠውም እያልኩህ ቆረጥከው። ከነገ ጀምሮ አትምጣ” አለው።

“ሕይወቱን አትርፈህለት ፋየር አደረገህ?” አለች ሰርካዲስ ማታ ሲነግራት። “ይፈር! አንተ እንደሆንክ ልክ ነበርክ።”

“ዱቄቱን ሳላይ፣ መጋዙ ገና እንጨቱን ሲነክስ ደስ ብሎኝ ነበር” አላት አሥራት። “ደኅና ሆኖ ባገኘውም ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር መሰለኝ።”

ሰርካዲስ እጁን ያዘችው።

አሥራት እዚያው ከተማ ክሊንተንቪል ሰፈር አንድ የመኪና ጋራዥ ውስጥ ሥራ አገኘ። በመስከረም ኬለር ኮል አደረገለት። አውሮፕላኑን ለሙዚየም ሊሰጠው ነው፤ የሙዚየሙ ሰዎች የተቆረጠው ቦታ እንዲደፈን ይፈልጋሉ።

“ካንተ የተሻለ የሚያውቀው የለም። ትመጣለህ?”

አሥራት መጋዙ እንጨቱን ሲነክስ የተሰማው ደስታ ትዝ አለው።

“እመጣለሁ” አለ። “ግን ብቻዬን አትተወኝ። ስሠራ አጠገቤ ቁም።”