ከቤተሰብ ጥቅል የወጡ

ማዕዶት ገብረመድህን ኮሪያን ረግጣ አታውቅም። ነገር ግን የሴኡል ሰው ስልኩን በስንት ጊዜው እንደሚቀይር፣ በወር ስንት ጊጋ እንደሚጨርስ፣ ምን ሲያስከፋው ኩባንያውን ጥሎ እንደሚሄድ ብትጠየቅ ሳትተነፍስ ትዘረግፈዋለች። ኦስሎ ውስጥ ቢየርቪካ በሚባል ሰፈር፣ የገበያ ጥናት እየሠራ በሚሸጥ አንድ ቢሮ ውስጥ አሥር ወር ሙሉ የለፋችው ለዚሁ ነው። ኦስሎ ተወልዳ ኦስሎ ያደገች የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ስለ ኮሪያ ሕዝብ ስልክ እንቅልፍ የምታጣበት ምክንያት ለአባቷ ለአቶ ገብረመድህን እስከ ዛሬ አልገባቸውም። "ኮሪያኖቹ ራሳቸው ሰው የላቸውም?" ይላሉ።

ሥራዋ ቪካሪያት፣ ማለትም የምትክ ሥራ ነው። የተቀመጠችው ለወሊድ በወጣች ሴት ወንበር ላይ ነው፤ ሴትየዋ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ትመለሳለች። አለቃዋ ስታይን ነገሩን በግልጽ ነግሯታል። የኮሪያው ጥናት ደንበኛውን ካረካ ተጨማሪ ሥራ ይመጣል፣ ተጨማሪ ሥራ ከመጣ እሷም ቋሚ ትሆናለች፤ ካልሆነም ጥሩ የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፍላታል። ማዕዶት ከዚህ በፊት በሦስት ቢሮ ሠርታ ሦስት ጥሩ ደብዳቤ አላት። አራተኛው አያስፈልጋትም ነበር።

ደንበኛው አንድ የኖርዌይ ኢንቨስትመንት ድርጅት ነው። ከአንዲት ትንሽ የኮሪያ የሞባይል ኩባንያ ላይ ድርሻ መግዛት አስቧል። የኮሪያ ገበያ ደግሞ አስቸጋሪ ገበያ ነው። ሦስት ግዙፍ ኩባንያዎች ተቀራምተውታል፤ የመስመሩ ቁጥር ከሕዝቡ ቁጥር በልጧል። አዲስ ደንበኛ የሚባል የለም፤ ያለው ሌላው ጉያ ውስጥ ያለ ደንበኛ ነው። አንዱ ማደግ ሲያምረው ከሌላው ይነጥቃል፣ የተነጠቀው በማግስቱ መልሶ ይነጥቃል፤ ሁለቱም ደክሟቸው የጀመሩበት ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ከነዚህ ሥር ትንንሾቹ አሉ፤ ኔትወርኩን ከትልልቆቹ ተከራይተው በግማሽ ዋጋ ይሸጣሉ። የደንበኛው ጥያቄም አጭር ነበር። ዋጋው ግማሽ ከሆነ ሰዉ ለምን ግልብጥ ብሎ ወደ ትንንሾቹ አይሄድም? ወደፊትስ ይሄዳል?

ይሄዳል፣ ብላ ጻፈች ማዕዶት። በሦስት ዓመት ውስጥ ከመቶው ሠላሳ አንዱ ይሄዳል። ኖርዌጂያኖች ዋጋ ሲለያይ ምን ያህል ቶሎ ኩባንያ እንደሚቀይሩ አስልታ፣ ያንኑ ለኮሪያ አለበሰችው። ስታይን ሠላሳ አንድን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ማጠቃለያው ዓርብ ዕለት ለደንበኛው ተላከ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሃውገሩድ ሰፈር ወላጆቿ ቤት ሄደች። እናቷ ጌጤ የሆስፒታል ፈረቃ ላይ ነበረች። አቶ ገብረመድህን እንዳሻው ከሚባለው እንግዳቸው ጋር ምሳ ጨርሰው ተቀምጠዋል። እንዳሻው ዘመድ አይደለም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከስደተኞች መቀበያ ሲወጣ አቶ ገብረመድህን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አግኝተውት፣ አብልተውት፣ በዚያው የቤቱ ሰው ሆኖ የቀረ ነው። ዛሬ ኤሌክትሪሺያን ሆኖ ከሳቸው የበለጠ ደመወዝ ይበላል፤ እሑድ እሑድ ግን አሁንም እዚያው ነው።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ማዕዶት በዚያ ቀን ነው ነገሩን ያነሳችው።

"አባዬ፣ ስልኬን ላወጣው ነው። ሌላ ኩባንያ ርካሽ አግኝቻለሁ።"

የስልኳ መስመር እንደ ሌሎቹ ስምንት ሁሉ በአባቷ ስም ነው። አባትና እናት፣ እሷና ወንድሟ ኖኤል፣ አክስቷ ከነባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ ዘጠነኛው እንዳሻው፤ ሁሉም በአንድ የቤተሰብ ጥቅል ውስጥ ናቸው። መስመሩ በበዛ ቁጥር ቅናሹ ይጨምራል።

"አውጪው" አሉ አቶ ገብረመድህን መነጽራቸውን እየወለወሉ። "ስልኩ ያንቺ አይደል?" መነጽሩን መልሰው አደረጉና፣ "ስምንት እንሆናለን ማለት ነው" አሉ።

"ስምንት ከሆናችሁ ምን ይመጣል?"

"ምንም። ቅናሹ ትንሽ ይወርዳል እንጂ ምንም አይመጣም። አክስትሽ ብቻ ትጠይቀኛለች። ማዕዶት ምን ሆና ወጣች ትላለች። ምንም አልሆነችም እላታለሁ።"

አንድ ሐበሻ አባት በአንድ ትንፋሽ ሦስት ጊዜ "ምንም" ካለ፣ ብልህ ልጅ ነገሩን እዚያው ትተወዋለች። ማዕዶትም ተወችው። ወደ እንዳሻው ዞር ስትል ግን ከኪሱ አንድ ስልክ አውጥቶ ሰዓት አየና መለሰው፤ ከሌላው ኪሱ ሌላ ስልክ አውጥቶ መልእክት ማንበብ ጀመረ።

"ሁለት ስልክ ምን ያደርግልሃል?"

አቶ ገብረመድህን ሳህኑን ይዘው ወደ ወጥ ቤት እስኪገቡ ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ይሄኛውን መሥሪያ ቤቴ ነው የሰጠኝ፤ በነጻ ነው። ሁለት ዓመት ሆነው።"

"ታዲያ የአባዬን ለምን አትተወውም? እየከፈልክበት!"

"ማዕዶት፣ እኔ እዚህ አገር ማንም ሳያውቀኝ ጋሼ በስማቸው ያወጡልኝ መስመር እኮ ነው። አሁን ሰው ሆንኩ ብዬ ልመልስላቸው?"

"ምንም አይሉህም።"

"እሳቸውማ አይሉኝም። እኔ ነኝ የምለው" አለ እንዳሻው።

ማዕዶት ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ግን ከኮሪያው ጥናት ያወጣችውን አንድ ዓምድ አስታወሰች።

ስትመለስ ባቡር ላይ ኮምፒዩተሯን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ከኮሪያ በተገዛው የደንበኞች መጠይቅ ውስጥ አንድ ጥያቄ ነበር፦ የስልክዎ ቅናሽ ከቤተሰብዎ መስመሮችና ከቤት ኢንተርኔት ጋር የተሳሰረ ነው ወይ? ማዕዶት መልሶቹ የሰፈሩበትን ዓምድ ከወራት በፊት አንስታ ጥላዋለች። ማንም ጣይው አላላትም። "ደንበኛ የሚወስነው ለራሱ ነው" ብላ ነው የጣለችው። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሐበሻ ቤቱን ነገር ከቤት ውጭ ላለማምጣት ስትጠነቀቅ የኖረች ልጅ ናት፤ ቢሮ ውስጥ ቤተሰብ፣ ዘመድ፣ ይሉኝታ የሚል ነገር ይዛ ብትመጣ "ይቺ የራሷን ሰፈር ነው የምታወራው" እንዳትባል ፈራች። ይህን ስታደርግ ደግሞ በአባቷ ስም በወጣ ስልክ ነበር የምትደውለው። ከኦስሎ ሰው ሁሉ ይህን ዓምድ መጣል የሌለባት እሷ ነበረች፤ ከኦስሎ ሰው ሁሉ የጣለችው ግን እሷው ሆነች።

ዓምዱን መልሳ ስሌቱን እንደገና ሠራችው። ሠላሳ አንዱ አሥራ ሁለት ሆነ። አንድ ኮሪያዊ ርካሹን ፍለጋ ሲወጣ የእናቱ ሒሳብ ይጨምራል፣ የቤቱ ኢንተርኔት ይወደዳል፤ ስለዚህ አይወጣም። ማዕዶት ፈራች። ሥራው ከእጇ ሲወጣ በዓይኗ ታያት።

ሰኞ ጠዋት ለስታይን ነገረችው። ስታይን ክፉ ሰው አይደለም፤ እስክትጨርስ ሰማትና በመስኮቱ ማዶ ያለውን የኦፔራ ቤት ነጭ ጣሪያ አየ።

"ማስረጃሽ ምንድን ነው?"

"ራሱ መጠይቁ። ዓምዱን የጣልኩት እኔ ነኝ።"

"ማጠቃለያው እኮ ሄዷል" አላት። "ግምት ነው ብለናል። ግምት ደግሞ ይስታል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ማን ያስታውሰዋል?"

ዝም ማለት እንዴት እንዳማራት ማዕዶት ብቻ ናት የምታውቀው። ቢሆንም "አሁን ግምት አይደለም፤ ስህተት መሆኑን አውቄዋለሁ" አለች።

"እንግዲያው ረቡዕ ለደንበኛው ራስሽ ቆመሽ ትናገሪያለሽ" አላት።

ረቡዕ ከደንበኛው ድርጅት የመጣችው ኢንግሪ የምትባል የሃምሳ ዓመት ገደማ ሴት ናት። ለመሥሪያ ቤቷ ገንዘቡ የት እንደሚገባ የምትወስነው እሷ ናት። ማዕዶት ቆመች፤ "የላክንላችሁ ቁጥር ትክክል አይደለም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" ብላ ጀመረች። በኮሪያ ስልክ የሚገዛው ሰው አንድ ሰው እንዳልሆነ አስረዳች። የሚገዛው ቤት ነው፤ አንዱ ሲወጣ የቀሩት ይጎዳሉ፤ ባይጎዱም ለምን ወጣ ይላሉ።

ኢንግሪ ስክሪኑ ላይ ያለውን አዲሱን ቁጥር ትኩር ብላ አየች። "አሥራ ሁለቱ እነማን ናቸው?"

"ብቻቸውን የሚኖሩ" አለች ማዕዶት። "የሚያስራቸው ስለሌለ ዋጋ ብቻ ነው የሚያዩት።"

"ቁጥራቸው እየቀነሰ ነው እየጨመረ?"

"በየዓመቱ እየጨመረ ነው።"

ኢንግሪ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው" አለች፣ ስለ አየሩ የምታወራ ነው የሚመስለው። "ከተፋታሁ ሦስት ዓመቴ ነው። በሦስት ዓመት አራት ጊዜ የስልክ ኩባንያ ቀይሬያለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ የሚጠይቀኝም አልነበረም።" ማዕዶት ይህችን ሴት "አይዞሽ" ማለት አማራት፤ ግን በኖርዌጂያንኛ አይዞሽን የሚያህል ቃል ቶሎ አልመጣላትም። ኢንግሪ ግን ወደ ሥራው ተመለሰች። "የድርሻውን ዋጋ ዝቅ አስደርገን እንገዛለን። የምንገዛው እነዚህን ሰዎች ነው። በሠላሳ አንድ ገብተን ቢሆን ኖሮ ከስረን እንወጣ ነበር። ቀጣዩን ሥራም ይቺው ልጅ ትሥራው።"

ዓርብ ዕለት ስታይን የቋሚ ሥራ ውሉን አስፈረማት፤ ጨብጧትም አልበቃው፣ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። የመጀመሪያ ሥራዋንም እዚያው ነገራት። ሰው ከቤተሰብ ጥቅል የሚወጣባቸውን ጊዜያት እየለየች ዝርዝር ታወጣለች፤ ልጅ ከቤት ሲወጣ፣ ትዳር ሲፈርስ፣ ባል ወይም ሚስት ሲሞት። ትንሿ ኩባንያ ሌሎቹ ሳይቀድሟት እነዚያ ሰዎች ዘንድ መድረስ አለባት። ገበያው የሚያድገው በዚያ በኩል ብቻ ነውና።

ማዕዶት ከቢሮው ወጥታ ለአባቷ ደወለች።

"አባዬ፣ ፋስት ሆንኩ!"

"ቋሚ? ቋሚ ነው ያልሽኝ?" አቶ ገብረመድህን ስልኩን ይዘው ተነሱ፤ ወንበር ሲንኳኳ ተሰማት። "እግዚአብሔር ይመስገን! እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ!" ደጋግመው አመሰገኑና፣ "ደግሞ አሁን ምን ልትሠሪ ነው?" አሏት።

ልትሸፋፍነው ትችል ነበር፤ ግን ያን ሳምንት መሸፋፈን ሰልችቷት ነበር። "ኮሪያ ውስጥ ሰው የሞተበት ሰው ቶሎ ርካሽ ስልክ እንዲቀርብለት፣ ጊዜውን ማጥናት ነው።"

አቶ ገብረመድህን የሰው ልቅሶ የማይቀሩ ሰው ናቸው፤ ከከተማው ዳር ከፕሪንስዳል ማዶም ቢሆን አውቶቡስ ቀያይረው ይሄዳሉ፤ ሥራ ካለባቸው በማግስቱ ሄደው ይቀመጣሉ።

"ለሐዘንተኛ ነው ስልክ የሚሸጡት?"

"አዎ፣ አባዬ።"

"እንግዲህ እነሱ ያውቃሉ። መጀመሪያ ሄደው ቁጭ ይበሉ እንጂ" አሉ።

አልተቆጡም። ማዕዶት ግን ደስታዋ በግማሽ ቀነሰባት፤ እንኳን ደስ ያለሽ ሲሏትም አፍራ ቶሎ ዘጋች።

ሰኞ ሠንጠረዡን ሠርታ ለስታይን አሳየችው። በአንድ በኩል ሰው ከጥቅሉ የሚወጣበት ምክንያት፣ በሌላው በኩል ኩባንያው ከስንት ቀን በኋላ መደወል እንዳለበት። ልጅ ከቤት ሲወጣ ለሚለው ሰባት ቀን አለች። ሞት ከሚለው ፊት ለፊት አርባ ጽፋለች።

"አርባ ለምን?" አለ ስታይን። "ከዚያ በፊት ሌላው ይቀድመናል።"

"ከአርባ ቀን በፊት ቤቱ ሰው አለበት" አለች። "ሰው ባለበት ቤት አይደወልም።"

"ኮሪያ ውስጥም እንደዚያ ነው?"

"አጣራለሁ። አይደለም የሚል ማስረጃ እስኪመጣ ግን አርባ ነው።" ድምፅዋ እንደ እናቷ ኮስተር ያለ ነበር፤ ስታይንም የጥናት ውጤት መስሎት አርባን እንዳለ ተቀበለው። ቀጥሎ ጣቱን ባዶ በሆነው ረድፍ ላይ አሳረፈ።

"ፍቺስ? ለፍቺ አልሞላሽም።"

ማዕዶት አሰበች። ለፍቺ አልቃሽ የለም። ድንኳን አይጣልም፣ ማንም ምግብ ይዞ አይመጣም፣ ማንም ሄዶ ቁጭ አይልም፤ በኦስሎም፣ በአባቷም አገር፣ ምናልባት በሴኡልም። ኢንግሪ በዓይኗ መጣችባት፤ በዚያ ቀን ማን ደውሎላት ይሆን ስትል በጣም አዘነችላት።

"ዜሮ" አለች፣ ጻፈችውም።