ቤቶች!

ሥራ ቦታ ስሜን የሚያስታውሰው የለም። «ቤቶች መጣ»፣ «ቤቶችን ጥሩት» ነው የሚሉኝ። ይበሉ፣ ምን ቸገረኝ። እኔ ከፎም ረጪዎቹ አንድ ቀን ቀድሜ የምሄድ ሰው ነኝ። ቤት ሙቀቱ እንዳያመልጠው ጣሪያው ሥር ፎም ይረጫል፤ ሲረጭ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ ከደረቀ በኋላ ማንንም አይነካም። እስኪደርቅ ግን ሽታው ሳንባ ያቃጥላል። አንድ ቀን ሙሉ፣ ሃያ አራት ሰዓት፣ እዚያ ቤት ውስጥ የሚተነፍስ ነገር መገኘት የለበትም።

ታዲያ ከዚያ በፊት ኮርኒሱ ላይ ወጥቶ በጉልበቱ የሚድኸው ማን ነው? እኔ። አግዳሚው እንጨት ላይ ብቻ ነው የሚረገጠው፤ ሳት ካለህ እግርህ ኮርኒሱን በስቶ ሳሎን ይገባል። የተላጠ ሽቦ እፈልጋለሁ፣ የረጠበ እንጨት እዳስሳለሁ፣ የወፍ ጎጆ አወርዳለሁ፣ አምፖሎቹን እሸፍናለሁ፣ ቀዳዳውን ሁሉ በላስቲክና በፕላስተር አሽጋለሁ። ሱሪዬ ሁሌ ሁለቱም ጉልበቱ ላይ ቀዳዳ ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ወረቀት አለ። የታችኛው መስመር «ቤቱ ውስጥ ሰው የለም» ይላል፤ ከሥሩ እኔ እፈርማለሁ። ከመፈረሜ በፊት ግን፣ እንግዳ በር ላይ ቆሞ እንደሚጣራው፣ ሦስት ጊዜ «ቤቶች!» እላለሁ። ረጪዎቹ ይስቃሉ። ይሳቁ፣ ሳቅ ሳንባ አያቃጥልም።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን የመለሰልኝ የለም። መመለስም የለበትም፤ ሥራው እሱ ነው፣ ተጣርቶ መልስ ማጣት። ቤቴ ስገባ ደግሞ ጭራሽ አልጣራም። ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። ቁልፌን አዙሬ ዝም ብዬ እገባለሁ። ብቸኝነት ይለመዳል የሚል ሰው ካለ ይምጣና ያስለምደኝ።

እኚያን ሽማግሌ ያገኘኋቸው ልጃቸው ከሩቅ በስልክ ስላዘዘችን ነው። «አባዬ አይናገርም እንጂ በብርድ እያለቀ ነው፣ ቤቱን አሙቁልኝ» አለች። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የኮታቸው ኮሌታ ላይ አሁንም ክር የገባበት መርፌ ተሰክቷል። እኔ ስሠራ መሰላሉን ይዘውልኝ ዋሉ።

«ጋሼ፣ አረፍ ይበሉ። መሰላሉ አይወድቅም።»

«ለመሰላሉ ማን ተጨነቀ! አንተ እንዳትወድቅ ነው እንጂ፣ ልጄ።»

ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ «ልጄ» የሚለኝ ሰው ካጣሁ ስንት ዘመኔ! ፕላስተሬን መቁረጤን ቀጠልኩ።

«ነገ የት ያድራሉ?» አልኳቸው።

«ጓደኛዬ ጋ። የድሮ ጓደኛ አለኝ፣ ሰፊ ቤት ነው ያለው።» ወደ እቃ ቤቱ በር አየት አደረጉና «ሽታው ታች ድረስ ይወርዳል እንዴ?» አሉ።

«ይወርዳል እንጂ!»

«እቃ ቤቱስ? የስፌት መኪናዬ እዚያ ነው።»

«እሱን በላስቲክ አሽገዋለሁ፣ ምንም አይገባበትም።»

በዚህ አፌ እንዲህ አልኩ። ለስፌት መኪናው ነው የተናገርኩት። ላስቲክ ፎሙን ያግዳል እንጂ ሽታውን አያግድም፤ ይህን ግን ለመጨመር ሰነፍኩ። የእቃ ቤቱ የጓሮ በር ከውስጥ መቀርቀሩን በዓይኔ አየሁ፤ ከዚያ በሳሎን በኩል ያለውን በር በላስቲክ ሸፍኜ ዙሪያውን አሸግኩት።

በማግስቱ ጠዋት ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ወጡ። መታጠፊያው ላይ ዞረው እጃቸውን አወዛወዙልኝ። እኔም አወዛወዝኩ። ቦርሳዋ ለአንድ ቀን ጉዞ እንኳ ታንሳለች ብዬ አሰብኩና ተውኩት። መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋሁ፣ ጋዙን ዘጋሁ፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ አየሁ። የጓሮውን በር ብቻ አልነካሁትም፤ ትናንት አይቼዋለሁ አይደል! ትናንት ያዩት ነገር ለዛሬ አይፈረምበትም ብዬ ሰው የማስተምረው እኔው ራሴ ነኝ።

ፎርማኑ ከመኪናው ሆኖ ይጮኻል። «ቤቶች! ፈርምልን እንጂ! ማሽኑ ሞቋል እኮ!»

ሳሎኑ መሃል ቆምኩ። «ቤቶች!» አልኩ። ዝም። «ቤቶች!» ጭጭ። ሦስተኛውን ልተወው ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ አርፎ ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ ብቻ፣ ለልማዱ ያህል፣ «ቤቶች» አልኩ።

«ማነው? ግባ!» አለ ከላስቲኩ በስተጀርባ ያለ ድምፅ።

ክው አልኩ። ላስቲኩን በጥፍሬ ነው የቀደድኩት። ሽማግሌው የስፌት መኪናቸው አጠገብ ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳዋን ጭናቸው ላይ አድርገው። ቦርሳዋ ውስጥ ዳቦና አንድ ጠርሙስ ውሃ ነው ያለው። አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ መልሱ አምልጧቸው ነበር።

ደሜ ፈላ። «ጋሼ! አብደዋል? በገዛ እጄ ልገድልዎ ነው? ተደብቀው ተቀምጠው ደግሞ ግባ ይሉኛል!»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉ እሳቸውም ተቆጥተው። «ሁለቱን ጊዜ ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ሰው ሦስት ጊዜ ቤቶች ብሎ ሲጣራ ዝም ልበል? ባለጌ ልታደርገኝ ነው?»

ሳቄም እንባዬም እኩል መጣብኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ጓደኛዎስ?» አልኳቸው።

«እሱማ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው።» መርፌያቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ለልጄ አልነገርኳትም። ብቻህን ቀረህ ብላ ልትወስደኝ ትነሳለች። እሷ ቤት ሁለት ክፍል፣ ሦስት ልጅ፤ እኔ ደግሞ መሃል ላይ ልጋረጥ? ማታ ፕላስተሩን ላጥ አድርጌ የጓሮውን መቀርቀሪያ ከፈትኩና መልሼ ለጠፍኩት፤ ጠዋት በጓሮ ዞሬ ገባሁ። ላስቲኩ ይከልለኛል ብዬ ነው። አንተው አይደለህ ምንም አይገባበትም ያልከው?»

ወጥቼ ያንን ወረቀት አነሳሁና «ሰው የለም» የሚለውን ሰርዤ «ሰው አለ» ብዬ ጻፍኩ። ፎርማኑ አንብቦ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ማሽኑን ሄዶ ራሱ አጠፋው።

እሳቸውን ቤቴ ይዤ ሄድኩ፣ ቁልፌን ሰጥቻቸው ተመለስኩ። ክፍሉን ሁሉ፣ የጓሮውንም በር፣ እንደ አዲስ አይቼ ሌላ ወረቀት ላይ ፈረምኩ። ከዚያ ረጩ።

አመሻሹ ላይ በሬ ጋ ስደርስ ኪሴን ብዳብስ ቁልፍ የለም። ለካስ እሳቸው ጋ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቴ ስገባ ያላልኩትን ቃል የራሴ በር ላይ ቆሜ አልኩት። «ቤቶች!»

«ማነው? ግባ!»

በሩ ክፍት ነበር። እኔ ግን ቶሎ አልገባሁም። ደረጃው ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ለማን ብዬ ልደብቀው።

በማግስቱ ሃያ አራት ሰዓቱ ሲሞላ መስኮቶቹን ከፍቼ የሽማግሌውን ቤት አናፈስኩ። ደግሞ ረጪዎቹ እንዴት ያለ ሥራ ነው የሠሩት! ፎሙ ደርቋል፣ ሽታው ጠፍቷል፣ ልጅ ቢያስተኙበት ምንም አይል። ሁሉንም በወረቀቱ ላይ ሞላሁ። ከሥራ ስመለስ ሽማግሌው ኮታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳዋን ይዘው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሌላኛው የሥራ ሱሪዬ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«እንዴት ሆነ ቤቴ?» አሉኝ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ አንድ ቀን ዋሽቼ አላውቅም። «ሽታው ገና አልወጣም፣ ጋሼ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጡ፣ መርፌያቸውን ከኮሌታቸው ነቀሉ፣ ሱሪዬን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ደግ ነው» አሉ። «እኔም አንዱን ጉልበት ብቻ ነው የሰፋሁት።»