ምሰሶ አሥራ ሰባት የሚቆምበት ቦታ

ባሌ ሳን ጥሎኝ ሄደ እያልኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አወራሁ። ከምንኖርበት ከላጊ ወደብ ብቻውን ዓሣ ሊያጠምድ ወጣና በዚያው ቀረ። ጎረቤቴ ቢክ ‹‹ፉኮክ ደሴት ላይ ጀልባውን ሸጦ ከሌላ ሴት ጋር ይኖራል አሉ›› አለችኝ፤ እኔም አመንኩ። እኛ ዘንድ ባሕር የበላውን ሰው፣ ሬሳው ባይገኝም፣ በጭቃ ሰው ሠርተን እንቀብረዋለን፤ ነፍሱ እንዳትንከራተት። አማቴ ‹‹ልጄን ቅበሪልኝ›› እያሉ እስኪሞቱ ለመኑኝ። ‹‹በቁሙ ያለ ሰው አልቀብርም፣ ያቺው ሴትዮ ትቅበረው›› አልኳቸው። ምላሴ ድሮም ክፉ ነው።

ባለፈው ሳምንት ባሕሩ ውስጥ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሊተክሉ የሚያጠኑት ሰዎች ስብሰባ ጠሩን። የሄድኩት ለጠብ ነበር። ዓሣ በጨው አብላልቼ የዓሣ ስጎ ነው የምጥለው፤ ዓሣው ከሸሸ ጋኖቼን በምን ልሞላቸው ነው?

ኢንጂነሯ ኡየን ገና ልጅ ናት። ‹‹እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ምሰሶ አሥራ ሰባት የሚቆምበት ቦታ ላይ የሰመጠ ጀልባ አግኝተናል። ባለቤት ካለው ምሰሶውን እናዛውራለን፤ ከሌለው ጠርገን እንተክላለን›› አለችና በካሜራ የተቀረጸውን ግድግዳው ላይ አሳየችን።

ከጀልባው ኋላ መረብ መጎተቻው ብረት ወደ ግራ ዘሟል። ሳን ለአዲስ ዓመት ጠጥቶ ራሱ የበየደው ነው። ወደቡ ሁሉ ‹‹ሳን፣ ብረትህ ካንተ ብሶ ሰክሯል›› እያለ ሲስቅበት ከርሟል። አሁን ግን የሳቀ አልነበረም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

‹‹እትዬ ጋም›› አለኝ የሳን ወንድም ቶአን፣ ‹‹የሱው ናት። መረቡን ጠቅልሎ ጭኗል፣ ያውም ከዚህ ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ። ሥራ ጨርሶ ወደ ቤት እየመጣ ነበር። ነገ ጭቃውን አመጣልሻለሁ።››

ቢክ እጄን ያዘች። ‹‹እሰይ፣ አልከዳሽም። ስምሽ ታደሰ።››

ይህን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት ተመኘሁ። ያቺን የፉኮክ ሴት በየማታው ረግሜያታለሁ። ወፍራም ናት፣ ሰነፍ ናት፣ ሩዝ ታሳርራለች። ቢሆንም ሩዝ ታበስልለታለች፤ ሲያስለው ትነሳለች። ሳንም እሷ ዘንድ ሆኖ ጸጉሩ ይሸብትልኝ ነበር። አንድ ቀን አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ የምሰድበውን ስድብ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ናፍቆቴን የቻልኩት በዚያ ነው።

‹‹እናቴ፣ ጀልባዋ የእርስዎ ናት?›› አለች ኡየን፣ ቀስ ብላ።

‹‹የኔ ናት። ምሰሶሽን ወዲያ አድርጊልኝ›› አልኳት።

ከዚያ ወደ ቢክ ዞርኩ። ‹‹ምነው ቢክ›› አልኳት፣ ‹‹ምነው ያቺ ሴትዮ በኖረች።››