በእሳት ብርሃን የተሳለች እናት

ታላቋ እህት ሃያ ዓመት በዘይት ቀለም ስትስል ኖራ፣ ከእናቷ አፍ «ጎሽ» የሚል ቃል የሰማችው በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ታናሿ ግን በተዳረችበት ከተማ ብሩሽ ከያዘች ገና ዓመት ሳይሞላት እናትየዋ «እጇ ይባረክ!» አለችላት። ታላቋ ይህን ስትሰማ ጥርሷ ይስቃል፤ ሆዷ ግን እርር ድብን ይላል።

ታናሿ እናቷንና አብራት የምትኖረውን ታላቋን ለሳምንት ልትጠይቅ ስትመጣ፣ እናትየዋ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ሁለቱም እንዲስሏት ፈቀደች። የሚሰቀለው ግን አንድ ነው፤ ከአባታቸው ፎቶ ጎን ያለው ግድግዳ ከዚያ በላይ አይችልም። ታላቋ ደግሞ ያንን ቦታ እንደ ርስቷ ነው የምታየው።

አመሻሽ ላይ መጋረጃው ይዘጋል፣ እሳቱ ይቀጣጠላል፣ እህትማማቾቹ ጎን ለጎን ይስላሉ። የታላቋ ዓይን የሚያርፈው ግን ከእናቷ ይልቅ የታናሿ ሸራ ላይ ነበር። በአራተኛው ቀን ታናሿ ፊቱ ላይ ቢጫ ስትደራርብ አየቻት። በእሳት ብርሃን ቢጫ ነጭ ይመስላል፤ ጀማሪ ሁሉ ሳያውቀው ያበዛውና ጠዋት ጉድ ይላል።

«እትዬ፣ ቢጫው አልበዛም?»

«ኧረ በልኩ ነው! እንዳትነኪው።»

ቅዳሜ ጠዋት መጋረጃው ተገለጠ። የታላቋ ሥዕል ጉንጯ ቀላ ያለ፣ ጤና የሞላት ሴት ነው። የታናሿ ግን የዓይኑ ነጭ ሳይቀር ቢጫ ነው።

«አይ አንቺ ልጅ! እሳት ቢጫን እንደሚደብቅ አታውቂም?» አለች ታላቋ፣ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት።

«አውቃለሁ እንጂ። ለዚህ አይደል ቀለሙን ቀን ቀን፣ እማዬን መስኮቱ ጋ እያየኋት የደባለቅኩት? ፊቷ አላማረኝም ነበር፤ አብረሻት የምትኖሪው አንቺ በልኩ ነው ስትዪኝ ጊዜ ዝም አልኩ።»

እናትየዋ እየሳቀች ገባች። «እህሳ፣ የትኛው ይሰቀል?»

ታላቋ ወደ እናቷ ተጠጋች። አገጯን ይዛ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችው። የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ሳምንቱን ሙሉ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ስትስላት አንድ ቀን እንኳ አላየቻትም።

«ሐኪም ቤት እንሄዳለን፣ እማዬ። አሁኑኑ።»

ኮቷን ስታለብሳት በፍርሃት ቁልፎቹን አዛንፋ ቆለፈችላት። ግን፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ቀድማ ያየቻት ታናሿ መሆኗ አሁንም ያንገበግባት ነበር።