መዝገቡ ውስጥ ያለው ቧንቧ

ዊልፍሬድ ሃርግሪቭ ደም የሚያቀጥን ክኒን ይውጣል። መጠኑ በየሳምንቱ በደም ምርመራ ይወሰናል። ውጤቱን ለማወቅ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ክሊኒኩ ይደውላል፤ የተቀዳ ድምፅ ሃያ ሦስተኛ ተራ ላይ ነዎት ይለውና ሙዚቃ ይለቅበታል። የሰባ ዘጠኝ ዓመት ጆሮው ሙዚቃውን ይሰማል፣ ነርሷን አይሰማም። ባለፈው ወር መስመሩ እየተቋረጠ አራት ቀን ያለ ክኒን ዋለ። ሐኪሙም ይህ ከተደገመ ብቻዎን መኖርዎ ያበቃል፣ የአረጋውያን ቤት ይገባሉ አለው።

ሎሬን በደመወዝ የምትረዳው ሴት ናት፤ እሱ በሚኖርበት ሰፈር ተወልዳ ያደገች። ከክሊኒኩ አንድ የውክልና ቅጽ ይዛ መጣች። ከፈረመላት ሁሉን ነገር በስልኳ ትጨርስለታለች። ቅጹ ላይ ሦስት ሳጥን አለ፦ ቀጠሮ፣ መድኃኒት፣ የሕክምና መዝገብ። የደም ውጤቱ ያለው መዝገቡ ውስጥ ነው።

ሁለቱ ላይ ምልክት አደረገ። ሦስተኛው ላይ እጁ ቆመ።

ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት የእግሩ አውራ ጣት የገላ መታጠቢያ ገንዳው ቧንቧ አፍ ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቧንቧውን ከግድግዳው ቆርጠው፣ እሱን በሚስቱ በኤድና ባለ አበባ ካባ ጠቅልለው፣ ከነቧንቧው ሆስፒታል ወሰዱት። ያን ጊዜ የምንጣፍ ፋብሪካ አለቃ ነበር፤ ያለ ከረባት ደጅ የማይወጣ ሰው። ለጎረቤት የጭስ ማውጫ ቃጠሎ ነው ብሎ ነገረ። ከዚያ ወዲህ ማንም አንስቶበት አያውቅም፤ መዝገቡ ላይ ግን ተጽፎ ይገኛል።

"ውጤቱን ብቻ እይ፣ ሌላውን አትንኪ" አላት።

"ሳጥኑ አንድ ነው፣ ሚስተር ሃርግሪቭ። ምን አድርገው ነው? ሰው ገድለዋል?"

"ከዚያ ይብሳል።"

ሦስት ቀን አሰበበት። በአራተኛው ቀን የአረጋውያን ቤቱ መኪና ጎረቤቱን ሲወስድ በመስኮት አየ፤ ከረባቱን አስሮ ክሊኒኩ ሄደ። የክሊኒኩ ጸሐፊ ለብቻው ወስዳ ሰው አስገድዶት እንደሆነ ጠየቀችው። በዕድሜዬ ያስገደደችኝ ሚስቴ ብቻ ነበረች፣ እሷም ሞታለች አለና ሦስተኛውን ሳጥን ሞላ።

በማግስቱ ሎሬን ወጥ ቤት ተቀምጣ ውጤቱን አነበበች፣ ክኒኑን አዘዘች። ከሦስት ደቂቃ በላይ አልፈጀባትም። ከዚያ ጣቷ ስክሪኑ ላይ ቆመ። ከንፈሯን ነከሰች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

"አይተሽዋል" አለ።

"አይቼዋለሁ። ግን የዚያን ቀንም አይቼዋለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አጥራችን ላይ ተቀምጬ ነበር። ቧንቧው ከካባው ሥር ብቅ ብሎ ያብረቀርቅ ነበር።"

"ሌላ ማን አየ?"

"ማን ያላየ አለ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?"

"ጭስ ማውጫ ነው አሉ፤ ማን ደፍሮ ዋሹ ይበልዎት? ጭስ ማውጫዎ ከዚያ በፊት በጡብ መደፈኑንም ሁሉ ያውቃል። የደፈነው አባቴ ነው። ያን ሳምንት አባቴ እንኳ 'እሳት ክፉ ነው' እያለ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።"

ሃርግሪቭ ጠረጴዛውን ይዞ ተቀመጠ። መጀመሪያ ትን ያለው መሰላት፤ ውሃ ልታመጣ ተነሣች። ሳቅ ነበር። ከሆዱ ፈንቅሎ ወጣ፤ ከረባቱን አላላ፣ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፣ እንደገና ሳቀ። እሷም ወንበሯ ላይ ተጣጠፈች።

ሳቁ ሲበርድለት ጣቱን ወደ ስልኩ ቀሰረ።

"ስለ ኤድናስ ጽፈዋል?"

"እሷ ምን አደረገች?"

"ገንዳው ውስጥ አብራኝ ነበረች" አለ። "ጣትህ አይገባም ብላ የተወራረደችኝ እሷ ናት።"

ሎሬን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው፣ የቀረውን ለመስማትም ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች።