ሁልጊዜ ግራው ይቀድማል

ተመራማሪዋ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ አንድ ቦታ መቆም አቅቷታል። ብርጭቆ ታነሣለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች፤ መስኮት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ነገ ጠዋት የአምስት ዓመት ሥራዋን በፈታኞች ፊት አቅርባ ዶክተር ልትባል ነው። እናቷ ለዚሁ ስትል ስምንት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ ትናንት ገብታለች።

እንዲህ ያደረጋት የመሣሪያ ጠጋኙ ነው፤ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር የቀረው፣ ሁሉም ጋሼ የሚለው ሰው። ብርሃን የሚለካውን ስፔክትሮሜትር ሊወለውል ገብቶ ደብተሯን ገለጥ ገለጥ አደረገና፣ “ልጄ፣ ሁልጊዜ ግራው ነው እንዴ የሚቀድመው?” አላት።

ሥራዋ ስለ መንታ ሞለኪውሎች ነው። እንደ ግራና ቀኝ እጅ ናቸው፤ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል። ክብደታቸው አንድ፣ መቅለጫቸው አንድ፤ ግን አንደኛው ሲፈውስ ሌላው ያቅለሸልሻል። የሚለያቸው ቱቦ ውስጥ የታጨቀ ነጭ ዱቄት ነው፤ ግራውን ያዝ ያደርገዋል፣ ቀኙን ይለቀዋል። መለየቱን ሁሉም ያውቃል፤ እሷ የጠየቀችው ለምን እንደሚለይ ነው። ዱቄቱ ላይ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ታበራና ሞለኪውሉ በየት በኩል እንደጨበጠው ከጎደለው ብርሃን ታነባለች። ግራው ሲገባ ስክሪኑ ላይ በሚሣለው መስመር ያለችው ጉብታ ወደ ጎን ፈቀቅ ትላለች፤ ቀኙ ሲገባ ንቅንቅ አትልም። አምስት ዓመት ሙሉ ያቺን ጉብታ ባየች ቁጥር ልቧ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

ዱቄቱ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ግራውን ታስገባለች፣ በአልኮል ታጥባለች፣ በዚያው ዱቄት ላይ ቀኙን ታስገባለች። ለምን ግራውን አስቀደመች? ጠርሙሱ ለእጇ ስለሚቀርብ ነዋ! በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

“አጥቤዋለሁ እኮ ጋሼ።”

“ማጠቡንስ ታጥቢያለሽ። ግን ቀድሞ የገባ ጥሩ ጥሩውን ወንበር ይይዝ የለም? የዘገየው ምን ላይ ይቀመጥ?”

“ታዲያ ዛሬ ነው የሚነገረኝ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!”

“ደብተርሽን ያየሁት ዛሬ ነዋ።”

ቀኙን አስቀድሞ መሞከር ከሁለት ሰዓት በላይ አይፈጅም። ላለመሞከር ግን ሺህ ምክንያት አገኘች። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ጠበቃ አያጣም፤ ራሱ ለራሱ ይቆማል። ከነገ ወዲያ ብሞክረውስ አለች። ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ተመላለሰችበት። ተመልሳ ገባችና አዲስ ዱቄት ጠቀጠቀች፤ ቀኙን አስገባች።

ጉብታዋ ፈቀቅ አለች። ልክ እንደ ግራው፣ በዚያው መጠን። አጥባ ግራውን አስከተለች፤ ንቅንቅ የለም። ያቺ የምትኮራባት ጉብታ ግራና ቀኝ የምታውቅ አልነበረችም፤ የምታውቀው ቀድሞ የመጣውን ብቻ ነበር። ዱቄቱ መለየቱን ይለያል፤ ለምን እንደሚለይ ግን ጉብታዋ አልነገረቻትም።

“አፌን በቆረጠው!” አለ ጋሼ።

“አይ ጋሼ፣ ደግ አደረግህ” አለችው፤ ከልቧ ግን አልነበረም። በዚያች ሰዓት ጠልታዋለች።

የሁለቱን ሙከራዎች ውጤት ያተመችባቸውን ወረቀቶች ይዛ ፎቅ ወጣችና የጥናት አማካሪዋ ፊት ዘረጋቻቸው። ሰውዬው መነጽራቸውን አድርገው አዩ፣ አውልቀውም አዩ።

“ፈታኞቹ ይህን አይጠይቁሽም” አሉ ቀስ ብለው።

ወረቀቶቹን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገቻቸው። ነገ እንደማታቀርብ ገባቸው።

“ሌላ አንድ ዓመት ነው እኮ።”

“አውቃለሁ።”

“እንግዲያው ለፈታኞቹ እኔ እነግራለሁ” አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ደረጃው ላይ ቆማ ለእናቷ ደወለች። አማካሪዋ እንዲያ ፊታቸውን ከሚያዞሩ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

“እማ፣ የነገው ቀርቷል።”

“ውይ! ታመምሽ እንዴ?”

“አልታመምኩም። ሥራዬ ላይ ተሳስቼ ነበር።”

“ተሳስተሻል ማን አለሽ?”

“ራሴ ነኝ ያየሁት። አሁን።”

“ዝም ብትዪ ኖሮስ ማን ያውቅብሽ ነበር?”

“ማንም።”

ተመራማሪዋ የደረጃውን ብረት ጨብጣ የእናቷን ቁጣ፣ ወይም ለቅሶ ጠበቀች።

“ምሳ በልተሻል?” አለች እናቷ።

“አልበላሁም” አለችና እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች።