የሞቀው ኮፈኖ

ዴክላን ቱዊ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ ጋራዥ የናፍታ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣም በኋላ በሚኖርበት የሮስኮመን ሰበካ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሁሉ እሱን ሳያስከትል አይሄድም። ዴክላን ደግሞ ሕግ ነበረው፤ ለመጣው ሁሉ ያንኑ ይደግምለታል። የናፍታ መኪና ሳይነሳ፣ በቀዝቃዛው ነው የሚታየው። ሻጩ ቀድሞ ካሞቀው የደከመ ኢንጀክተርም ሆነ በብርድ ሞተሩን የሚያስነሳው ካንዴሌታ መቃጠሉ አይታወቅም፤ ሞተሩ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ ይጠብቅሃል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት እጅህን ኮፈኖው ላይ አሳርፍ፣ ከሞቀ ወደ ቤትህ ተመለስ ይል ነበር።

የወንድሙ ልጅ ኦርላ መኪና ልትገዛ ስትነሳ ታዲያ ከእሱ ሌላ ማንን ትጠራለች? አባቷ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ትንሿን ልጇን ኒቭን የምታሳድገው ብቻዋን ነው። አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ ባለ ሆስፒታል ነርስ ሆና ተቀጥራ ነበርና የሙከራ ጊዜዋን ሳታረፍድ መጨረስ ነበረባት። ያገኘችው የናፍታ መኪና ባለ አራት በር፣ ሰፊ፣ ሲያዩት ንጹሕ ነው። ሻጩ ማላኪ ኪቭኒ ይባላል።

ማላኪ ባዳ አይደለም። የኦርላን አባት ሬሳ ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ ነበር። ያን ቀን ከሬሳ ሣጥኑ ሥር እጁን በዴክላን ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ፣ እግሩን ከእግሩ እያስተካከለ እስከ መቃብሩ ሄዷል።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሲደርሱ የማላኪ እናት ገበታ አቅርበው ጠበቋቸው። በዚያ አገር ገበታን አልፎ ዕቃ ማየት ነውር ነው። ዴክላን እንደ ወጉ አንዴ እምቢ አለ፣ ሁለተኛም እምቢ አለ፣ በሦስተኛው ተቀመጠ። እንቁላሉንም፣ ዳቦውንም፣ የአሳማ ሥጋውንም በላ፣ ሻዩንም ደገመ። ወሬው ሁሉ ስለ ሟቹ ወንድሙ ነበር። ወደ ግቢው ሲወጡ የሰውየውን ምግብ በልቶ፣ ከእናቱም ጋር እንባ ተራጭቶ ነው።

እጁን ኮፈኖው ላይ አሳረፈ። ሞቋል። ፀሐይ አሞቀችው እንዳይባል ሰማዩ ደመና ነው።

ቀና ሲል ማላኪ እያየው ነው። ጠዋት አስነስተኸው ነበር ወይ ማለት ብቻ ነበር የቀረው፤ አንዲት ጥያቄ። ግን ያቺ ጥያቄ፣ እናትየው በር ላይ ቆመው፣ ልጅዎ አታላይ ነው ከማለት አትለይም። ይሉኝታ ያዘው፤ ወጪት ሰባሪ መባልን ፈራ። የቀረውን ለወጉ ያህል አየ፦ ዘይቱን ለካ፣ ፍሪሲዮኑን ረገጠ፣ የሞተሩ ቺንጋ መቼ እንደተቀየረ ጠየቀ። በመጨረሻ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ዕድሜውን ሙሉ ጎማ በሚመቱ ገዢዎች ሲስቅ የኖረ ሰው ነው።

«እንዴት ነው አጎቴ?» አለች ኦርላ።

«ደህና ነው» አለ።

ሽያጩ ሲያልቅ ማላኪ እንደ አገሩ ልማድ ከተከፈለው ላይ ለዕድል ብሎ መለሰላት። ለዕድል የሚመለሰው ሃያ ዩሮ ነው፤ እሱ ግን ሁለት መቶ አስጨበጣት። ኦርላ ለደግነቱ መረቀችው። ዴክላን የገባው ገብቶት አንገቱን ደፋ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የዴክላን ዝምታ ግን ጥር ላይ ነቀዘ። ውርጭ በጣለበት ማለዳ ሞተሩ አጉረመረመ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ አልነሳም አለ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ኦርላ ኒቭን ታቅፋ በእግሯ ዴክላን ቤት መጣች። ዴክላን በሩን ሲከፍት ለጩኸት ተዘጋጅቶ ነበር።

«አጎቴ፣ እንዳትቆጣኝ» አለች አቀርቅራ። «አንተ አይተህ ደህና ያልከውን መኪና እኔ አበላሸሁት። አያያዙን አላወቅኩበትም መሰለኝ። ከሥራም አንድ ቀን ከደገምሽ አትምጪ ብለውኛል።»

ዴክላን እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። ጆሮው ጋለ፤ የገዛ እጁን ማየት ጠላ።

«አንቺ አይደለሽም» አላት። «ያን ቀን ኮፈኖው ሞቆ ነበር። እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት።»

«ለምን?»

«አባትሽን የተሸከመ ሰው ነዋ።»

ኦርላ ልጇን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች። «አባዬ ቢኖር ይጠይቅልኝ ነበር» አለች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር።

የራሱን መኪና ቁልፍ ሰጥቶ ወደ ሥራዋ ሰደዳትና በእግሩ ወደ ማላኪ ቤት ወረደ። በመንገዱ ሁሉ ስድብ ሲመርጥ ሄደ። እናትየው በሩን ከፍተው ሻይ ደርሷል፣ ግባ አሉት። አንዴ እምቢ አለ፣ ሁለተኛም፣ ሦስተኛም። ቆቡን በእጁ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሴትዮዋ ግራ ገብቷቸው ልጃቸውን ጠሩ።

ማላኪ ወጥቶ አየውና ለምን እንደመጣ ገባው።

«እጅህን ስታሳርፍ አይቼህ ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይጠይቀኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩህ። ብትጠይቀኝ አልዋሽህም ነበር፣ በወንድምህ ነፍስ! ዝም ስትል ጊዜ እኔም ዝም አልኩ።»

ያ ሁሉ የተመረጠ ስድብ ከንቱ ሆነ። ሰውየው እውነቱን ነው። ሊያሳፍረው መጥቶ ተጨማሪ እፍረት ተሸከመ። እናትየው የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ያያሉ።

«እንግዲህ አሁን እየጠየቅኩህ ነው» አለ ዴክላን።

ማላኪ እናቱን አየ፣ ከዚያ መሬቱን።

«እናንተ ከመድረሳችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት አስነስቼ አሞቅኩት» አለ፣ እናቱ እየሰሙ። ከዚያም መኪናው ወዳለበት አብሮት ሊሄድ ኮቱን ሊያመጣ ወደ ውስጥ ገባ።